ተራው ለማን ይደርሳል? የአሜሪካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ካርታ ታሪክ

ሁለት ታማሚዎችን አስቡ። ሁለቱም አሜሪካ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው፣ የደም ዓይነታቸውና ሕመማቸው ተመሳሳይ ነው። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ዲያሊሲስ የጀመሩትም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። አንደኛው ሎስ አንጀለስ ይኖራል፤ ሌላው ወረፋው አጭር በሆነ ሩቅ ግዛት። እስከ ቅርብ ዓመታት በነበረው አሠራር የሎስ አንጀለሱ ታማሚ ከሟች ለጋሽ ኩላሊት ለማግኘት ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ሊጠብቅ ይችል ነበር። የሌላው ተራ በሦስት ዓመት ገደማ ሊደርስ ይችል ነበር። ዲያሊሲስ ከሚጀምሩ አሜሪካውያን ከግማሽ የሚበልጡት አምስት ዓመት አይሞላቸውም። ስለዚህ ወረፋው ሦስት ዓመት ነው ወይስ አሥር ብሎ መጠየቅ፣ ይህ ሰው ይተርፋል ወይስ አይተርፍም ብሎ መጠየቅ ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ቀዶ ሕክምናው በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። አብዛኛውን ወጪ የሚሸፍነው የፌዴራል መድንም አንድ ነው። የተጠባባቂዎቹ ስም የተመዘገበውም በአንድ አገር አቀፍ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሁለቱን የለያያቸው ካርታ ነው፤ ሰዎች ስብሰባ ተቀምጠው ያጸደቁት፣ ከዚያ በኋላ ለመንካት አሥርት ዓመታት የፈጀ ካርታ።

ይህን ታሪክ የማነሣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዚያ ወረፋ ውስጥ ወገኖቻችን አሉ። ሲያትል፣ ሎስ አንጀለስና አትላንታ ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው፤ ሦስቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ሁለተኛ፣ እኛ አገር ንቅለ ተከላ ገና በልጅነት ዕድሜው ላይ ነው። ጀማሪ መሆን አንድ ጥቅም አለው፤ ሌላው የወደቀበትን ጉድጓድ አይቶ ማለፍ ይቻላል።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ የመጀመሪያው መስመር

በታኅሣሥ 1954 ቦስተን በሚገኘው ፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል፣ ዶክተር ጆሴፍ መሪ የአንድን ወጣት ኩላሊት ለመንትያ ወንድሙ ተከሉ። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ይህ ነው። ተቀባዩ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ፤ ሐኪሙም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ያኔ የማከፋፈል ጥያቄ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ለጋሽ፣ አንድ ተቀባይ፣ ያውም ከአንድ ማኅፀን የወጡ።

ጥያቄውን ያመጣው ማሽኑ ነው። ዲያሊሲስ ቀደም ብሎም ነበር፤ ነገር ግን ታማሚው በታጠበ ቁጥር አዲስ የደም ሥር መቆረጥ ስለነበረበት ከጥቂት ጊዜ በላይ ማስቀጠል አይቻልም ነበር። በ1960 ሲያትል ውስጥ ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር ክንድ ላይ ተተክሎ የሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ ሠሩ። በቱቦው ከታከሙት የመጀመሪያው ሰው 11 ዓመት ኖረ። በአንድ ጊዜ፣ ሞት የተፈረደበት ሁሉ በማሽን ሊቆይ የሚችል ሆነ። ማሽኖቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በ1962 መጀመሪያ የተከፈተው የሲያትል ማዕከል ማን ይታጠብ የሚለውን እንዲወስን ኮሚቴ አቋቋመ። ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ጠበቃ፣ ቄስ፣ የባንክ ባለሙያ፣ የቤት እመቤት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪና የቀዶ ሕክምና ሐኪም። ስማቸው ለሕዝብ አይገለጽም ነበር። የታማሚውን የትዳር ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት፣ ገቢ፣ ትምህርትና ሥራ እያዩ ይወስኑ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ጋዜጠኛዋ ሻና አሌክሳንደር ታሪኩን በላይፍ መጽሔት ስታወጣው አገሩ ደነገጠ። ኮሚቴው በታሪክ የ"አምላክ ኮሚቴ" የሚል ስም ተሰጠው።

ስለዚህ ኮሚቴ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ወይ፣ ሀብት አለው ወይ የሚለው ማጣሪያ ነው። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ብዙም የማይወራለት የመጀመሪያው ውሳኔያቸው ነው። የዋሽንግተን ግዛት ነዋሪ ያልሆነ ሰው አይታይም አሉ። ምክንያታቸው ይህ ነበር፦ ቴክኒኩ የተፈጠረው በግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውን ያቆመው የግዛቱ ግብር ከፋይ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ መጠቀም ያለበት የግዛቱ ሰው ነው።

ልብ በሉ፣ ክርክሩ የክፉ ሰው ክርክር አይደለም። "ያለማው ይጠቀም" የሚለው ለጆሮም ደስ ይላል፤ እኛም በደንብ እናውቀዋለን። ውጤቱ ግን አጎራባች በሆነችው ኦሬገን ያለ፣ ያው ኩላሊት የደከመበት ሰው፣ ገና ስሙ ሳይነሣ ከዝርዝሩ ወጣ ማለት ነው። ከማንኛውም የሕክምና ጥያቄ በፊት አድራሻ ተጠየቀ። ይህ አስተሳሰብ በተለያየ ልብስ እየመጣ ስድሳ ዓመት ቆየ።

▪️ ገንዘቡ ተፈታ፣ ኩላሊቱ አልተፈታም

በኅዳር 1971 አንድ ታማሚ ዋሽንግተን በሚገኘው የተወካዮች ምክር ቤት የኮሚቴ አዳራሽ ውስጥ፣ የሕዝብ እንደራሴዎች እያዩት፣ ከዲያሊሲስ ማሽን ጋር ተያይዞ ቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት ሕግ ሜዲኬር የተባለው የፌዴራል መድን ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች በሙሉ ለማለት ይቻላል እንዲከፍል አደረገ። ከሐምሌ 1973 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አሜሪካ በዕድሜ ሳይወሰን ለአንድ በሽታ ብቻ እንዲህ ያለ መብት ሰጥታ አታውቅም።

የሲያትሉ ኮሚቴ ሥራ በዚህ አበቃ። ማሽን በገንዘብ ይገዛል፤ ገንዘቡ ሲመጣ ማሽኑም በየከተማው ተከፈተ። ዛሬ በአሜሪካ ከ500 ሺህ በላይ ሰው በዲያሊሲስ ይኖራል።

እጥረቱ ግን አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ። ዲያሊሲስ ነፍስ ያቆያል እንጂ የኩላሊትን ሥራ ሙሉ በሙሉ አይተካም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ለአራት ሰዓት ገደማ ከማሽን ጋር መታሰር ነው። የተሻለው መድኃኒት የሌላ ሰው ኩላሊት ነው። እሱ ደግሞ ፋብሪካ የለውም። በ1983 ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ፈቃድ ሲያገኝ፣ ሰውነት የባዕድ አካልን የሚያባርርበትን ኃይል ማርገብ ስለተቻለ ንቅለ ተከላ ከሙከራ ወደ መደበኛ ሕክምና ተሸጋገረ። ፈላጊው በዛ፤ ኩላሊቱ ግን ያው ነው።

ባለበት እጥረት ነጋዴ አይጠፋም። በዚያው ዓመት አንድ የቨርጂኒያ ሐኪም ከድሃ አገሮች ሰዎችን እያመጣ ኩላሊታቸውን በገንዘብ የሚያገናኝ ድርጅት ሊከፍት ተነሣ። አል ጎር ያኔ ወጣት የምክር ቤት አባል ነበሩ፤ ምስክር እየጠሩ ጉዳዩን አደባባይ አወጡት። በጥቅምት 1984 ፕሬዚዳንት ሬገን ብሔራዊ የአካል ንቅለ ተከላ ሕግን ፈረሙ። ሕጉ አካል መሸጥና መግዛትን እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 50 ሺህ ዶላር በሚደርስ መቀጮ ከለከለ። አገር አቀፍ የአካል ማከፋፈያ መረብ እንዲቋቋምም አዘዘ።

ጋዜጠኞችም እጃቸውን አስገብተው ነበር። አንድሩ ሽናይደርና ሜሪ ፓት ፍላኸርቲ ፒትስበርግ ፕሬስ በተባለው ጋዜጣ ባወጡት ተከታታይ ምርመራ፣ ገንዘብ ያላቸው የውጭ አገር ታማሚዎች ለዓመታት ከጠበቁ አሜሪካውያን ቀድመው ኩላሊት እንደሚያገኙ አሳዩ። በ1986 የፑሊትዘር ሽልማት አገኙበት። ሕዝቡ የለገሰው አካል በሕዝብ ዓይን ፊት መከፋፈል አለበት የሚለው ሐሳብ መሠረት የያዘው በእነዚህ ዓመታት ነው።

▪️ 58 ደሴቶች

ሕጉ አገር አቀፍ መረብ ይቋቋም ሲል፣ መሬት ላይ የነበረው ግን ሌላ ነው። ንቅለ ተከላ ያደገው በየአካባቢው ነበር። አንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ቡድን ያቋቁማል፤ በዙሪያው ካሉ ሆስፒታሎች ጋር ይነጋገራል፤ አደጋ ደርሶበት አንጎሉ የሞተ ሰው ሲኖር ቤተሰቡን አናግረው ኩላሊቱን ወስደው ለራሳቸው ታማሚ ይተክላሉ። ኋላ ላይ ይህ ሥራ አካል ሰብሳቢ ድርጅቶች ለሚባሉ ተቋማት ተሰጠ። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ የአገልግሎት ክልል ነበረው። አንዳንዱ ክልል ሙሉ ግዛት ነው፤ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ግዛት ያጠቃልላል፤ አንዳንዱ አንድ ከተማና ዙሪያዋ ነው። ካርታው ሲረጋ 58 ክልሎች ሆኑ።

ካርታውን ያሰመረው የሕዝብ ቁጥር ወይም የታማሚ ብዛት አልነበረም። ማን ከማን ጋር ቀድሞ ተዋውቆ ነበር የሚለው ነው።

የማከፋፈል ደንቡ በዚህ ካርታ ላይ ተቀመጠ። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አንድ ኩላሊት ሲገኝ መጀመሪያ በዚያው ክልል ላሉ ተጠባባቂዎች ይቀርባል። እዚያ የሚወስደው ካልተገኘ ወደ ሰፊው ቀጠና ይሄዳል፤ አገሪቱ በ11 ቀጠናዎች ተከፍላ ነበር። እዚያም ካልተገኘ ወደ መላው አገር። በክልሉ ውስጥ ለሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው፣ ከድንበሩ ማዶ ስምንት ዓመት ከጠበቀው ይቀድማል።

አንዱ ምክንያት ጊዜ ነበር። ልብና ሳንባ ከሰውነት ከወጡ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ውስጥ መተከል አለባቸው። ኩላሊት ግን በበረዶ ተይዞ 24፣ አንዳንዴም 36 ሰዓት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከኒው ዮርክ ካሊፎርኒያ ደርሶ ይተርፋል። ስለዚህ ከአካላት ሁሉ የክልል ድንበር በጣም የማያስፈልገው ለኩላሊት ነበር። ድንበሩ ግን ለኩላሊትም ጸና።

በአንዳንድ ክልሎች ለጋሽ በዛ ያለ፣ ተጠባባቂ ጥቂት ነበር። በካሊፎርኒያና በኒው ዮርክ ደግሞ ተጠባባቂው ተጠራቀመ። መጀመሪያ ላይ ያነሣናቸውን ሁለት ታማሚዎች የለያያቸው ይህ ነው።

▪️ "የኛ አካል ለኛ"

በሚያዝያ 1998 የክሊንተን የጤና ሚኒስትር ዶና ሻላላ አንድ ደንብ አወጡ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ አካል የሚከፋፈለው በሕክምና መስፈርት ይሁን፤ ታማሚው የሚኖርበት ወይም የተመዘገበበት ቦታ ወሳኝ አይሁን፤ ቦታ የሚታየው ለሕክምናው የግድ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ይሁን።

ትልቅ ጠብ ተነሣ። ሉዊዚያናና ዊስኮንሰንን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች በግዛታቸው የተለገሰ አካል መጀመሪያ ለግዛቱ ሰው እንዲሰጥ የሚያዝ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ኮንግረስ የደንቡን ተፈጻሚነት ደጋግሞ አዘገየው። በመጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው በመጋቢት 2000 ነው።

የተቃዋሚዎቹን ክርክር በሐቀኝነት ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ዛሬም ሕያው ነውና። አንደኛ፣ አካሎች ሁሉ ወረፋው ወደ ረዘመባቸው ታላላቅ ከተሞች ከሄዱ የትንንሽ ከተማ ሆስፒታሎች ይዘጋሉ፤ ያኔ ሩቅ መጓዝ የማይችለው የገጠር ድሃ ጭራሽ ንቅለ ተከላ አያገኝም አሉ። ሁለተኛ፣ ሰው የሚለግሰው ለጎረቤቱ ነው፤ ወደማያውቀው ቦታ እንደሚሄድ ካወቀ መለገሱን ይተዋል አሉ። ሦስተኛ፣ እኛ ሠርተን ሕዝባችንን አስተምረን ለጋሽ አብዝተናል፤ ያልሠራው ለምን የኛን ይወስዳል? አሉ።

ሦስተኛውን ስሙት። የ1962ቱ የሲያትል ኮሚቴ ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እውነት አለበት። ድንበር ማፍረስ ብቻውን ለድሃው አይደርስለትም፤ ያፈረሰው ሰው ድሃው እንዴት እንደሚጓዝ ካላሰበበት።

ደንቡ ከወጣ በኋላም የኩላሊት ካርታው ባለበት ቀረ። ወረቀቱ "መኖሪያ ቦታ አይወስን" ይላል፤ ኮምፒውተሩ በክልል ይደለድላል። ሁለቱ እንዲሁ ተቻችለው ከሃያ ዓመት በላይ ኖሩ።

▪️ ትኬት መቁረጥ የቻለ

በዚህ መካከል ድንበሩን የሚዘልሉበት ሕጋዊ መንገድ ነበር። አንድ ታማሚ ከአንድ በላይ በሆኑ ሆስፒታሎች መመዝገብ ይችላል። የካሊፎርኒያ ሰው ወረፋው አጭር በሆነበት ግዛትም ስሙን ማስገባት ይችላል። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን ሙሉ ምርመራ ይፈልጋል፤ መድኑም ሁለተኛውን ምርመራ ላይከፍል ይችላል። "ኩላሊት ተገኝቷል" ተብሎ ሌሊት ሲደወል ደግሞ በሰዓታት ውስጥ መድረስ ያስፈልጋል።

ስመ ጥር ምሳሌው በኩላሊት ሳይሆን በጉበት ነው። የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ ነዋሪነታቸው ካሊፎርኒያ ሆኖ፣ በ2009 ጉበት የተተከለላቸው በሜምፊስ፣ ቴነሲ ነበር። ሕግ አልጣሱም። ሆስፒታሉም በዝርዝሩ ላይ በጣም የታመሙት እሳቸው እንደነበሩ ገልጿል። ነገር ግን ደንቡ ለሁሉም የከፈተውን በር ማለፍ የሚችለው በፈለገው ሰዓት አውሮፕላን ማስነሣት የሚችል ሰው መሆኑን አገሩ ሁሉ አየ። ታክሲ እየነዳ በሳምንት ሦስት ቀን ለሚታጠብ ሰው ያ በር ግድግዳ ነው።

(አሜሪካ ላላችሁ አንባብያን፦ ይህ መብት ዛሬም አለ። ሆስፒታሎች ስለዚህ ምርጫ ለታማሚው የመንገር ግዴታ አለባቸው። ካልነገሯችሁ ጠይቁ።)

▪️ ከድንበር ወደ ክበብ

ካርታውን የሰበረው የሳንባ ጉዳይ ነው። በኅዳር 2017 ማንሃተን ሆስፒታል ተኝታ ሳንባ የምትጠብቅ የ21 ዓመት ወጣት ፍርድ ቤት ሄደች። ክርክሯ፣ ወንዙን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ ውስጥ የሚገኝ ሳንባ ከእሷ ያነሰ ለታመመ ሰው ቀድሞ ይቀርባል የሚል ነበር። የክልል ድንበሩን ምክንያታዊ አድርጎ መከላከል አልተቻለም። በቀናት ውስጥ የሳንባ ደንቡ ተቀየረ። ለ1998ቱ ደንብ ሃያ ዓመት ያቃተው ነገር በአንድ ሳምንት ሆነ።

ከዚያ ጀምሮ የሌሎቹ አካላት ካርታ ዕድሜው ተቆጠረ። በመጋቢት 15 ቀን 2021 የኩላሊት ክልሎችና ቀጠናዎች ከማከፋፈሉ ወጡ። በምትኩ፣ ኩላሊቱ ከተገኘበት ሆስፒታል ተነሥቶ 250 የባሕር ማይል፣ ማለትም 463 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሚደርስ ክበብ ውስጥ ላሉ ተጠባባቂዎች መጀመሪያ እንዲቀርብ ተደረገ። ቅርበት ጥቂት ነጥብ ይሰጣል፤ የግዛት ድንበር ግን ምንም አይሰጥም። በመካከለኛው ምዕራብ ያሉ ሆስፒታሎች ለውጡን ለማስቆም ከሰሱ፤ አልተሳካላቸውም።

ክበቡ ተአምር አልሠራም። ኩላሊት ከበፊቱ የበለጠ ይጓዛል፤ ስልክ ይበዛል፤ መዘግየት አለ። ከሟቾች ከሚወጡት ኩላሊቶች ከአራት አንዱ ገደማ በተለያየ ምክንያት ሳይተከል ይቀራል። ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ሰው ኩላሊት በሚጠብቅበት፣ በዓመት ከ27 ሺህ በላይ ብቻ በሚተከልበት አገር ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ተለውጧል። ዛሬ ከአንድ ሰው ወረፋ ጀርባ ያለውን ምክንያት መናገር የሚፈልግ ባለሥልጣን "ድንበሩ እዚህ ላይ ነው" ብሎ ማለፍ አይችልም።

▪️ ከወረፋው በፊት ያለው ወረፋ

እስካሁን ያወራነው ዝርዝሩ ላይ ስለገቡ ሰዎች ነው። ዝርዝሩ ላይ መግባት ራሱስ?

አትላንታ ያለችበት ጆርጂያ ከጎረቤቶቿ ከሰሜንና ከደቡብ ካሮላይና ጋር ለረጅም ጊዜ በንቅለ ተከላ መጠን ከአገሪቱ ግርጌ ከሚገኙ አካባቢዎች አንዷ ነበረች። ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት የግዛቲቱን የዲያሊሲስ ማዕከላት አንድ በአንድ አዩ። ጥያቄያቸው፣ ዲያሊሲስ ከጀመሩ ታማሚዎች ስንቶቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ንቅለ ተከላ ሆስፒታል ይላካሉ? የሚል ነበር። በመካከለኛው ማዕከል 24 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱ ግን ጉድ ያሰኛል፤ 75 በመቶውን የላከ ማዕከል አለ፣ አንድም ሰው ያልላከ ማዕከልም አለ። ግዛቱ አንድ፣ መድኑ አንድ። ታማሚው የሚታጠብበት ሕንፃ ብቻ ይለያያል።

እንግዲህ "የክልል ልዩነት" ስንል በካርታ ላይ የሚታየውን ብቻ ማሰብ አይበቃም። ሐኪሙ ሪፈር ያልጻፈለት ሰው፣ ክበቡ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሆን ምን ይጠቅመዋል?

ከዚህም የባሰ የማይታይ መስመር ነበር። ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚለካው በደም ውስጥ ባለው ክሬያቲኒን ላይ በተሠራ ስሌት ነው። በ1999 የወጣው ቀመርና ተከታዩ፣ ታማሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን ከ16 እስከ 21 በመቶ ከፍ ያደርጉት ነበር። ጥቁሮች ጡንቻቸው ይበዛል በሚል ግምት ነው። ዲያሊሲስ ሳይጀምሩ የወረፋ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ውጤቱ 20 እና ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ነጩ 18 ሲያመጣ ይመዘገባል። ያው ደም ያለው ጥቁር በቀመሩ ወደ 21 ይጠጋል፤ ገና ነህ፣ ሂድ ይባላል።

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአትላንታ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቅጹ ላይ "ጥቁር" የሚለውን ሲሞላ ይህ ስሌት በእሱም ላይ ይሠራ ነበር። ብዙዎቹ ይህን ሳያውቁ ጠብቀዋል። በ2022 ቀመሩ በንቅለ ተከላ ሥራ ላይ እንዳይውል ተከለከለ። ከጥር 2023 ጀምሮ ሆስፒታሎች የጥቁር ተጠባባቂዎቻቸውን የድሮ ውጤት ፈትሸው የተወሰደባቸውን ጊዜ እንዲመልሱ ታዘዙ። ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች የወረፋ ጊዜያቸው ተስተካክሎላቸዋል፤ በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ። ጊዜው ሳይመለስላቸው የሞቱትን የሚቆጥር ሠንጠረዥ የለም።

▪️ ወደ እኛ ስንመጣ

በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ብሔራዊ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ተከፈተ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከኛ ሐኪሞች ጋር አብረው ሠርተው፣ አሠልጥነው ያስጀመሩት ነው። ለዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የንቅለ ተከላ ቦታ ሆኖ ቆይቷል። ከዚያ በፊት አማራጩ ሕንድ ወይም ሌላ አገር መሄድ ነበር፤ ለዚያም ገንዘብ ለማሰባሰብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የታማሚ ፎቶ ለጥፈው በድምፅ ማጉያ የሚለምኑ መኪኖችን ያላየ የለም። ዛሬም አልጠፉም።

ማዕከሉ የጀመረው በሕያው ለጋሽ፣ ያውም በዘመድ ነው። ከሟች የሚወሰድ አካል ስለሌለ የአሜሪካው ዓይነት የወረፋ ካርታ የለንም። ካርታ የለንም ማለት ግን መስመር የለንም ማለት አይደለም።

የአሜሪካውን 463 ኪሎ ሜትር ክበብ አዲስ አበባ ላይ ብናኖር ባሕር ዳርና ጅማ ከውስጥ ይገባሉ፤ መቀሌ ከውጭ ትቀራለች። ይህ ግን በአየር ነው። ታማሚያችን የሚመጣው በአየር አይደለም፤ በመንገድ ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ። ብቻውንም አይመጣም። ለጋሹ ወንድሙ ወይም እህቱ አብረው ይመጣሉ። የሁለት ሰው ምርመራ፣ የሁለት ሰው ማረፊያ፣ የሁለት ሰው ከእርሻ ወይም ከሥራ መቅረት። እስከዚያ ድረስ ደግሞ በየሳምንቱ መታጠብ አለበት፤ ዲያሊሲስ በሌለበት ከተማ የሚኖር ሰው ወደ ንቅለ ተከላ የሚያደርሰውን ጊዜ ከየት ያመጣል? አዲስ አበባ ቤት ያለው ዘመድ መኖር አለመኖሩ እዚህ አገር ትልቁ የ"ክልል" ልዩነት ይመስለኛል።

ቀዶ ሕክምናውም መጨረሻ አይደለም። ተቀባዩ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይወስዳል፤ የመድኃኒቱ መጠን በደም ምርመራ ይከታተላል። ሀብታሟ አሜሪካ እንኳ ዕድሜያቸው ከ65 በታች ለሆኑ ተቀባዮች ይህን መድኃኒት በሜዲኬር የምትከፍለው ለ36 ወራት ብቻ ነበር፤ ሰዎች ገንዘብ አጥተው መድኃኒቱን ሲያቆሙ የተተከለው ኩላሊት ይሞታል፤ ወደ ዲያሊሲስ ይመለሳሉ። ይህ የታረመው በጥር 2023 ነው። እኛ ዘንድ የመድኃኒቱም የምርመራውም ቦታ አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ፣ ተተክሎለት ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ኩላሊቱን መንገድ ላይ ያጣዋል።

አንድ ቀን ከሟች ለጋሽ መውሰድ መጀመራችን አይቀርም። ያኔ የሚነሣውን ክርክር ከአሁኑ መስማት እችላለሁ። "ሆስፒታሉ በኛ ክልል በጀት ነው የተሠራው።" "ለጋሹ የኛ ልጅ ነው።" "የኛ ሰው እያለቀ ለምን ሌላ ይወስዳል?" ሲያትል በ1962፣ ሉዊዚያና በ1998 ያሉት ይህንኑ ነው፤ የተባለው ደግሞ የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ገንዘብና የጋራ መድን ባለው ሕዝብ መካከል ነው። በእኛ ፖለቲካ ውስጥ ምን መልክ እንደሚይዝ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ደንቡ መጻፍ ያለበት የመጀመሪያው ኩላሊት ከመገኘቱ በፊት፣ ማን ተጠቃሚ እንደሚሆን ገና ማንም በማያውቅበት ሰዓት ነው።

እስከዚያው በትንሽ ወጪ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር አለ። ጤና ሚኒስቴር በየዓመቱ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ያውጣ። ከየክልሉ ስንት ሰው ዲያሊሲስ ላይ ነው፣ ስንቱ ለንቅለ ተከላ ሪፈር ተጻፈለት፣ ስንቱ ተመርምሮ ብቁ ሆነ፣ ለስንቱ ተተከለ፣ ከዓመት በኋላ የስንቱ ኩላሊት ይሠራል። የጆርጂያን ችግር ያወጣው ይህ ዓይነት ቆጠራ ነው፤ ከመቆጠሩ በፊት ሁሉም ማዕከል ታማሚዎቹን የሚልክ ይመስለው ነበር።

አሜሪካ የሻላላ ደንብ ከወጣበት ቀን አንሥቶ የኩላሊት ካርታዋን እስክትቀይር 23 ዓመት ፈጅቶባታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስማቸው በተሳሳተው የመስመር ወገን ላይ ስለሰፈረ ብቻ ያለፉ ሰዎች አሉ። እኛ ገና መስመሩን አላሰመርንም። ሠንጠረዡ ሲወጣ ምናልባት ከአንዳንድ ክልሎች አንድም ሰው ሪፈር እንዳልተጻፈለት እናይ ይሆናል። ቢያንስ ያኔ ከየት መጀመር እንዳለብን እናውቃለን።